የላይኞቹ ሦስት ረድፎች

በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ አምባዬ በሚባል ተዳፋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ችግኝ በአንድ ቀን እንዲተከል ታዘዘ። ቁጥሩ ከላይ የመጣ ነው። መንደሩ ስንት ቆፋሪ እንዳለው የጠየቀ አልነበረም። ጽዱና ወይራው በየጥቁር ላስቲኩ እንዳለ በአይሱዙ መጥቶ ተራገፈ።

ዘመቻውን የመራችው የመንደሩ አረንጓዴ ማኅበር ሊቀ መንበር ትህትና ነበረች። ዲፕሎማዋን ይዛ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤት የተቀመጠች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። መንደሯ አንደኛ ከወጣ ሞጣ ላይ ቋሚ ሥራ እንደምታገኝ ተነግሯታል። ድምፅ ማጉያዋን ይዛ «ቶሎ ቶሎ! ሰዓት የለንም!» እያለች ተዳፋቱን ስትወጣ ስትወርድ አረፈደች።

ከቀትር በፊት አለቀ። የማዶ መንደር ሰዎች ግን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ እያንዳንዷን ችግኝ ሲያገላብጡ ታዩና ተሳቀባቸው። ሊጎበኝ የመጣው ባለሙያ በአምባዬ ላይ ዞሮ፣ አንዲት ቁራጭ ቆሻሻ እንኳ መሬት ላይ እንዳልወደቀች አይቶ፣ ትህትናን በሰው ፊት አመሰገነ። የምስክር ወረቀትም ተሰጣት። ሴቶቹ እልል ሲሉ እናቷ ስሜነሽ ብቻ ያንን ንጹሕ መሬት ስታይ ቆየች።

ስሜነሽ የተራራው ነገር ከመጀመሪያውም አላማራትም። ተዳፋቱ ከከብት ይከለል በተባለ ጊዜ በስብሰባው መሀል ተነሥታ «ታዲያ ላሜን ጣሪያ ላይ ላውጣት?» ያለች እሷ ናት። ሰው ስቆ አለፈ፤ ግን አልረሳላትም። ደንቡም ጸደቀ። ችግኝ የነቀለ፣ የቆረጠ ወይም በከብት ያስበላ ከእድር ይሰረዛል። ይህን አንቀጽ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ የጻፈችው ትህትና ናት።

ከእድር ለተሰረዘ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ቃሬዛ የሚሸከም አይመጣም። ስሜነሽ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ደም የቀላቀለ ሳል ይዟታል። «ሞቱን አልፈራውም፤ ሰው ሳይወጣልኝ መቀበሩን ነው እንጂ» ትል ነበር። ይህንን ስትል የምሯን ነው።

ነሐሴ ሲገባ የተራራው ጠባቂ ባየ፣ የላይኞቹ ረድፎች ቅጠል ጠውልጎ አገኘ። ዝናቡ ሳያቋርጥ እየዘነበ ነው። ነገሩ ስላልጣመው ጠዋት ጠዋት ፈፋው ማዶ ተደብቆ መጠበቅ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ስሜነሽ ብቅ አለች። ግራ ቀኝ ተገላመጠች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ችግኝ ነቀለች።

ባየ እየጮኸ ፈፋውን ተሻገረ። ሲደርስ በአንድ እጇ ሥሩ አፈር የያዘ ችግኝ አለ። ሌላው እጇ ነጠላዋ ውስጥ አንድ ከረጢት ሸሽጓል።

«እትዬ ስሜነሽ፣ ምን ጉድ ነው የማየው?»

«አየኸኝ፤ እንግዲህ ምን እልሃለሁ ልጄ።»

ከረጢቱን ሊቀማት አሰበና ተወው። ያረጀች ሴት ነጠላ መግለጥ ነውር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ገብረ ኪዳን ስሜነሽን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ ሊያድናት ፈልጎም ነበር።

«ስሜነሽ፣ ነቅለሻል?»

«ነቅያለሁ።»

«ስንት?»

«አልቆጠርኩም። ጉልበቴ የቻለውን ያህል ነው።»

«ለላምሽ ብለሽ ነው?»

ስሜነሽ የነጠላዋን ጫፍ ማፍተልተል ጀመረች።

«ኧረ ተናገሪ! ምክንያት ካለሽ እንስማው።»

ስሜነሽ ልጇን አየቻት። ትህትና ቃለ ጉባኤውን ይዛ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሞጣ ሄዳ ሥራ ልትጀምር ነው።

«ምክንያት የለኝም» አለች ስሜነሽ።

ትሰረዝ ተብሎ እጅ ወጣ። መጨረሻ ላይ ትህትናም እያለቀሰች እጇን አወጣች። ለእናቷ እንኳ የማታዳላ ልጅ ተብላ ተመሰገነች። ስሜነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ለዳኛው እጅ ነሣችና ወደ ቤቷ ሄደች።

በመስከረም ተቆጠረ። ከአሥራ ሁለት ሺው አንድም አልጎደለም። ባየ በጊዜው ስለደረሰ ነው ተባለና አዲስ ካፖርት ተሸለመ።

ስሜነሽ በኅዳር ሞተች። ጥሩምባ አልተነፋም። ቄሱ፣ ትህትናና ከሞጣ አብረዋት የመጡ ሦስት የሥራ ባልደረቦቿ ቀበሯት። ገብረ ኪዳን አስከሬኑ በደጁ ሲያልፍ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ግን አልተከተለም። ደንብ ነው። የዚያን ቀን ምሳውን መብላት እንዳቃተው ሚስቱ ተናግራለች።

ጥር ላይ ከችግኙ ስንቱ እንደጸደቀ ለመቁጠር ከመሥሪያ ቤቱ የተላከችው ትህትና ሆነች። ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ባየ ከፊት ከፊት እየሄደ ተዳፋቱን ወጡ።

ከተራራው ግርጌ ጀምሮ ችግኙ ደርቋል። ትህትና አንዱን ብትነካው ያለ ምንም ትግል በእጇ ላይ ወጣ። ሥሩ ባልተቀደደ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ተጠቅልሎ እዚያው በስብሷል። ሁለተኛውን ነቀለች፤ እንደዚያው ነው። አሥረኛውም እንደዚያው ነው። መዝገቧን ዘጋች።

ባየ ግን ወደ ላይ ጠቆማት። ጫፉ ላይ ሦስት ረድፍ አረንጓዴ ነው፤ ጉልበት ደርሷል። ትህትና ሮጣ ወጣች፤ አንዱን ይዛ ሳበችው፣ አልነቀል አላት። ተንበርክካ በጣቷ አፈሩን ጫረች። ላስቲክ የለውም፤ ሥሩ መሬቱ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል።

«እነዚህንስ ማን ነው የተከላቸው?» አለች።

ባየ ረድፎቹን አየ፣ ፈፋውን አየ።

«እናትሽን ሲነቅሉ የያዝኳቸው እዚህ ነው።»