የትናንቱ ማስታወሻ

«ኧረ ቶሎ በይ!» አለች ነርሷ ከካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጀርባ ቆማ። «በር ላይ ያለችው ልጅ ካርዷ እስኪመጣ መርፌዋን እየጠበቀች ነው። ያንቺን ማሽን እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?»

«አንድ ደቂቃ ሲስተር» አለች ሠራተኛዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። አንዱ ልጅ አንዴ በቤት ስሙ፣ ሌላ ጊዜ በመዝገብ ስሙ ካርድ ያወጣል። ስለዚህ የአባት ስማቸው፣ የልደት ቀናቸውና ስልካቸው የሚገጥሙትን ካርዶች በሙሉ አንድ እንዲያደርግ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቷን ገና ማዘዟ ነበር። ትናንት መብራት ሲጠፋ ሥራቸው ተቋርጧል፤ ረዳቱ ያወሩትን ሁሉ የረሳ መስሏታል። መልሱ ሲመጣ ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ልትጫን ጣቷን አነሳች።

«ከመጀመሬ በፊት ትናንት ያስቀመጥኩትን ማስታወሻ አነበብኩ» ይላል መልሱ። «ከሚገጥሙት መካከል እነዚህ ሁለት ካርዶች የመንትዮች ናቸው። አንደኛዋ ፔኒሲሊን አይስማማትም። እንዳትቀላቅላቸው ብለሽኝ ነበር። ልተዋቸው?»

ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ትናንት ራሷ ያገኘችውን ዛሬ ጭራሽ ረስታዋለች። ነርሷ ጎንበስ ብላ የአንደኛዋን ስም አነበበችና ደረቷን ያዘች።

«በር ላይ ያለችው እኮ እሷው ናት! ልወጋት የነበረውም ፔኒሲሊን ነው!»

ሠራተኛዋ «ተዋቸው» ብላ ጻፈችና በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ማስታወሻውን ከፈተችው። ረዳቱ ለራሱ የጻፈው የመጨረሻው መስመር «ስትቸኩል ትረሳለች፤ ካርድ ከማዋሃድህ በፊት ሁለቴ ጠይቃት» ይላል። ነርሷ ሳቋን ለቀቀችው።

«አሁን ይሄን ማን ነገረው?» አለች ሠራተኛዋ። መስመሩን ልታጠፋው እጇን ሰደደች። ግን «ሁለቴ» የሚለውን ብቻ ሰርዛ «ሦስቴ» ብላ ጻፈችበት።