የጌድዮን ባር

አባቱ «የማታውቀውን ቃል ጸሎትህ ውስጥ አታስገባ» ይሉት ነበር። ደመቀ ግን አሜሪካ ዓመት ሳይሞላው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጸሎቱ ውስጥ ገባበት።

ቃሉ «ባር» ነው።

ደመቀ ፌርፋክስ ላይ እትዬ ዘሪቱ ምግብ ቤት ጓዳ ያግዛል። ዘሪቱ አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ይህን ያልነገረችው ደንበኛ የለም።

ሰኞ ሰኞ ለምሳ ጌድዮን የሚባል ጎልማሳ ይመጣል። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ። ውሃ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ያየዋል፤ እድፍ ካለው ራሱ በናፕኪን ይወለውለዋል።

«ብርጭቆ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ ከሱ ተማር» ትለዋለች ዘሪቱ ደመቀን።

አንድ ሰኞ ሥራው የት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ቶራንስ» አለ ጌድዮን። «ባር ነው የምሠራው።»

ደመቀ ትሪውን እንደያዘ አማተበ። በማግሥቱ ሳህን እያጠበ ሲጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ያን ልጅ ከባር አውጣው» አለ። ዘሪቱ ከኋላው ቆማ ነበር።

«ከምን አውጣው?»

«ከመጠጥ ቤት ነዋ፣ እትዬ።»

ዘሪቱ ምግብ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ! ባር እዚህ አገር ሕግ ነው፣ ሕግ! ጠበቃ የሚሆነው ባር የሚባለውን ፈተና ያለፈ ነው። የያዝከው ሳሙናም ባር ነው። ቸኮሌቱም ባር ነው። የመስኮቱ ብረት ባር፣ ስልክህ ላይ የምታያት የኔትወርክ ምልክት ባር። አንተ ግን ከአረቄ በቀር አይታይህም። አራተኛ ክፍል ድረስ ምንድን ነው ያስተማሩህ?»

በሚቀጥለው ሰኞ ጌድዮን ሲገባ «ጠበቃችን መጣ!» አለች። እሱ ሊናገር አፉን ከፈተ። «የዛሬው ምሳ ከኔ ነው» ስትለው መልሶ ዘጋው።

ደመቀም በድፍረቱ አፈረ። ጸሎቱን አስተካክሎ «ጌታ ሆይ፣ በባሩ አጽናው» ማለት ጀመረ።

የጥገኝነት ማመልከቻው አሜሪካ በገባ ዓመት ሳይሞላው መላክ ነበረበት። ቀኑ ካለፈበት ሚስቱ ፀዳለ ካምፓላ እንደቀረች ትቀራለች። ቤተ ክርስቲያን ያለ አንድ ሰው ፎርሙን ሞልቶለት ነበር። ደመቀ ፖስታ ቤት ሊወስደው ሲነሳ ወር ቀርቶት ነበር። ዘሪቱ ፖስታውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ጠበቃ አጠገብህ እያለ እንዲሁ ልትልከው? ኦ ማይ ጋድ!»

ሰኞ ጌድዮን ፖስታውን ከመቀበሉ በፊት ደመቀን መታወቂያ ጠየቀ። የልደት ዓመቱን አይቶ መታወቂያውን መለሰለት። ጠረጴዛውን በናፕኪን ጠረገና «ይንገሩኝ» አለ። ደመቀ ስለ ፀዳለ ነገረው፤ ነገረውና አለቀሰ። ጌድዮን አንዴም አላቋረጠውም።

«አይዞዎት፣ ጋሼ። የሰው ብሶት መስማት ሥራዬ ነው። ሥራ ቦታዬ የሚመጡ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ አሳያቸዋለሁ።»

ፖስታውን ይዞ ከመሄዱ በፊት የሥራውን አድራሻ ናፕኪን ላይ ጻፈለት።

«አየህ የተማረ ሰው?» አለች ዘሪቱ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰኞ አለፈ፤ ጌድዮን አልመጣም። ስልኩ ይጠራል እንጂ አይነሳም። ዓርብና ቅዳሜ ጭራሽ ዝግ ነው።

«ቢዚ ነዋ!» አለች ዘሪቱ። «እሱ እንዳንተ ድስት የሚፈትግ መሰለህ?»

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ዋለ። ፖስታ ቤት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ደመቀ ሽርጡን ፈቶ ሰቀለ።

«ዛሬ ከሄድክ ነገ እንዳትመጣ» አለችው ዘሪቱ። «ደግሞ ቢሮው ስትደርስ ባር ምናምን ብለህ እንዳታሰድበኝ።»

ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ቶራንስ ገባ። መንገዱን ሁሉ «በባሩ አጽናው» ሲል ነበር። አድራሻው ላይ ሲደርስ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። መስታወቱ ጥቁር ነው፤ በሩ ተቆልፏል። አንኳኳ፤ የሚከፍት የለም።

አጠገቡ ካለው ፓርኪንግ አንድ አበሻ ቁልፍ እያንቃጨለ ወጣ።

«ወንድሜ፣ የጠበቃው የጌድዮን ቢሮ ይኼ ነው?»

ሰውየው ናፕኪኑን አየ፤ ከዚያ ደመቀን አየ።

«ጌድዮን ቀጂውን ነው፣ ጋሼ? ባሩ የሚከፈተው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።»