ከሳሙናው በፊት

«ጠይም ነሽ፤ እኔ የምፈልገው ጥቁር ነው» አለኝ ዳይሬክተሩ። እሱ ራሱ ከእኔ የሚቀላ መስሎታል።

የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ሚስት ጠቁራ ስትመጣ ባሏ ደንግጦ አልጋ ሥር ይገባል። በሳሙናው ታጥባ ቀይ ሆና ስትወጣ ይስማታል። ይህን ቀልድ ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጅቶበታል።

ከመታጠቧ በፊት ያለችው ሚስት እኔ ነኝ። ከታጠበች በኋላ የምትታየው ሌላ ልጅ ናት፤ ቀይ ስለሆነች በዋናው በር ገብታ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሻይ ትጠጣለች። እኔን ዘበኛው «ትእዛዝ ነው» ብሎ በጓሮ በር ሰዶኛል።

ዳይሬክተሩ ጥቁር ቀለም አመጣልኝ። አልቀባም አልኩት።

«ይኼ ምን ይከብዳል?» ብሎ የራሱን ፊት ለቀለቀው። ዓይኑን አጉረጥርጦ፣ ከንፈሩን አንጠልጥሎ፣ የገጠር ሴት ነኝ እያለ ዘለለ። ካሜራ ያዡ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ስልኩ ጠራ። የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት እንግዳ መቀበያው ደርሰው እየጠበቁት ነው። ዳይሬክተሩ ከካርቶኑ አንድ ሳሙና አውጥቶ ፊቱን አሸ። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛ ሳሙና ጨመረ፤ ጥቁረቱ ይባስ አበራ። ሰውዬው መጠበቅ ስለማይወዱ፣ አረፋው እየተንጠባጠበ ግቢውን አቋርጦ ወደ ዋናው በር ሮጠ። እኔም ተከተልኩት፤ እንዲህ ያለው ትዕይንት አያመልጠኝም።

ዘበኛው ዱላውን በሩ ላይ አጋደመ። ፊቱን አየት አደረገና በእጁ ወደኋላ ጠቆመው።

«በጓሮ በር ሂድ» አለው። «ጥቁሮቹን በዚህ እንዳታሳልፍ ተብያለሁ። ያዘዙት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው።»