በላቸውን ያዙት

በላቸው የከረመ ሩዝ ሊያስፈለፍል ወረታ ሄዶ ወረፋ ይዞ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጎረቤቱ ማረው ነበር።

«አያ በላቸው፣ አውሮፕላን ወደቀ። እናንተ ማሳ ላይ ነው። ቶሎ ድረስ!»

ሌላ ቃል ሳይጨምር ዘጋው።

በላቸው ሩዙን እዚያው ጥሎ ወጣ። አንድ ልጁ ሰውመሆን አውሮፕላን ማብረር ይማራል። ትናንት ደውሎ፣ «አባባ፣ ነገ ፎገራ ላይ ዝቅ ብለን ስንለማመድ እንውላለን» ብሎት ነበር። እናቱ ጸሐይነሽማ ይህን ሰምታ ምን እንቅልፍ ወስዷት! ጠዋት ሩዙን ከወፍ ልትጠብቅ ስትወጣ አዲሱን ነጠላዋን ነበር የለበሰችው። አይ እናት!

ባጃጅ ላይ ሆኖ ልጁ ጋ ደወለ። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። አይነሳም።

«አምላኬ፣ አንድ ልጄን! እኔን ውሰደኝ!» እያለ ጉልበቱን ይደበድባል። ባለ ባጃጁ ፍጥነቱን ጨመረ።

ማሳው ዳር መንደሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ሰዎቹ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ። ማረው ጋቢውን የት እንደጣለው እንጃ፣ በሸሚዝ ብቻ መጥቶ ወገቡን ያዘው።

«ቤት እንሂድ፣ አያ።»

«ልቀቀኝ!»

«መጀመሪያ ቤት እንግባ። ሽማግሌዎቹም ይምጡ።»

በዚያ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። መርዶ ሜዳ ላይ አይነገርም፤ ሰው የሚረዳው ቤቱ ገብቶ፣ ቄስና ሽማግሌ ከብበውት ነው። በላቸው ራሱ ስንቱን እንዲህ ደግፎ አስገብቷል።

«ገባኝ! ልጄ ሞቷል! ሬሳውን እንኳ ልየው!»

ማረውን ገፍትሮ ጣለውና ጭቃውን እያቦካ ሮጠ።

አውሮፕላኗ አንድ ክንፏ ተገንጥሎ በአፍንጫዋ ሩዙ ውስጥ ተተክላለች። አጠገቧ አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል። የወጣቱ ግንባር ይደማል። ሰውመሆን አይደለም።

«ልጄስ? ሰውመሆንስ?»

«ሰውመሆን ደህና ነው፤ ገና አልተነሣም። ተራው ከእኛ ቀጥሎ ነበር» አለ ወጣቱ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

በላቸው ተደፍቶ መሬቱን ሳመ። ሲነሣ ይስቃልም ያለቅሳልም። ማረውና ቄሱ መምሬ ውባየሁ ደረሱበት፤ ሁለቱም ይነፋረቃሉ።

«ደግሞ ምን ያስለቅሳችኋል? ልጄ እኮ ደህና ነው!» አለ በላቸው። «በሉ እንጂ፣ ሮጣችሁ ለጸሐይነሽ ንገሩልኝ!»

የማረው ዐይን ከተገነጠለው ክንፍ ማዶ ሄደ፤ እዚያ ጋቢው ተዘርግቷል፣ ከሥሩም የአዲስ ነጠላ ጥለት ይታያል።