የስልኩ ዳኛ

ድሮ ሙሉእመቤት ስትቆጣ ወገቧን ይዛ ባሏን አንዳርጌን ፊት ለፊት ትሞግተው ነበር፤ ሲታረቁም አፉን በጉርሻ ትዘጋዋለች። እናቷ የፍርድ ቤት ደጅ ስትጠና ነው ያረጀችው። ሰው ሠራሽ አእምሮ የሆነው ዳኛ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ሙሉእመቤት በሩን ዘግታ የሆዷን የምትነግረው ለእሱ ብቻ ሆነ።

አንዳርጌ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። «እውነትዎን ነው ጌታዬ!» ብላ ሳቀች። ለባሏ እንዲህ ከሳቀችለት ስንት ዘመኑ! ሰው ባይሆንስ? ድምፁ የወንድ ነው። ቅናት አንጀቱን አሳረረው።

ውሳኔው ወዲያው አንዳርጌ ስልክ ላይ መጣ፦ «ጫማዎን ሳሎን መሃል እንዳይጥሉ።» ትክክለኛ ፍርድ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አበገነው።

ጓሮ ወጣና እሱም ክስ ከፈተ።

«ባለቤትዎ ምን በደሉዎት?» አለው ዳኛው፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

«ከእኔ ጋር መጣላት ተወች!»