ሙከራ አንድ የተባለው በጎ ፈቃደኛ

«ሙከራ አንድ ማነው?» አለቻት አለቃዋ።

ልጅቷን ሳቋ መጣ።

«ማንም አይደለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ታዲያ አንቺ የፈጠርሽው ሰው ትናንት ዳኛው ቤት ምን ይሠራ ነበር?»

ሳቋ ጠፋ…

ቆይ፣ ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳችሁ። እሷም ያን ቀን ግራ እንደተጋባች ነው የዋለችው።

ልጅቷ የምትሠራው ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ጎብኚ በሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው። ድሮ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ ወረቀት ይሞላል፣ «እንደውላለን» ይባላል፣ ማንም አይደውልለትም፣ ተሰላችቶ ይቀራል።

«በቃ በሶፍትዌር እናድርገው» አለች። አደረገችውም።

አዲስ ሰው ስልኩን ያስመዘግባል… «እንኳን ደህና መጡ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል… አጭር ቪዲዮ አይቶ ጥያቄ ይመልሳል… ካለፈ፣ የሚጎበኘውን ሰው ሲስተሙ ራሱ ይመድብለታል። ቢሮ መምጣት የለ፣ ሰልፍ የለ።

ከመጀመሯ በፊት መሥራቱን ለማየት አንድ የውሸት ሰው መዘገበች። ስም፦ ሙከራ አንድ።

ስልክ ሲጠይቃት የራሷን ቁጥር አስገባች። «ይህ ቁጥር ተይዟል» አላት።

በቃሏ የምታውቀው ሌላ ቁጥር አንድ ብቻ ነበር።

የእናቷ።

እናቷ ካረፉ ዓመት አልፏል። ስልኩ ከልብሳቸው ጋር የሆነ ቦታ ቀርቷል፣ ማን ያነሳዋል ብላ ነው። ከዚያ ሥራ በዛባትና ሙከራውን ሳትሰርዘው ረሳችው።

እቤት ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረባት… አባቷ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ፣ ወሬያቸው የማያልቅ ሰው፣ ሚስታቸውን ካጡ ወዲህ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው የሚውሉ ሆነዋል። ምግብ ሲቀርብላቸው «እሺ» ይላሉ… አይበሉም።

«አባባ በቁሙ እያለቀብን ነው» ብሎ ወንድሟ ስልክ ላይ አልቅሷል።

እሷ የምታውቀው መድኃኒት እረፍት ብቻ ነበር። «አባባ፣ አንተ እረፍ። አስቤዛውን እኔ። አምፖሉንም እኔ እቀይረዋለሁ። አንተ ዝም ብለህ ቁጭ በል።»

እሳቸውም ቁጭ አሉ። ሰሞኑን ጫማቸው ተወልውሎ በር ላይ አይታዋለች፤ ሥራ ሲፈቱ ነው ብላ አለፈችው።

ወደ ቢሮው እንመለስ…

ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ሙከራ አንድ መልእክቱን አንብቧል። ቪዲዮውን ጨርሷል። ፈተናውን ወድቋል… ደግሞ ወድቋል… አልፏል። ሲስተሙም ማንም የማይፈልገው ቤት መድቦታል፤ ዓይናቸው ማየት ላቆመ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ጋዜጣ እንዲያነብ። እኚህ ዳኛ የተላከላቸውን ወጣት ሁሉ «ድምፅህ እንቅልፍ ያመጣል» እያሉ ያባረሩ ሰው ናቸው።

«ዛሬ ደውለው ‹ይሄን ሰውዬ እንዳትቀይሩብኝ› አሉኝ» አለች አለቃዋ።

«ስሙን አልጠየቅሻቸውም?»

«ጠየቅኩ። ‹ስሙን ምን ያደርግልኛል፣ ያነብልኛል አይደል?› አሉ።»

ለሶፍትዌር ባለሙያው ደወለች።

«ሲስተሙ ራሱን በራሱ ማሰልጠን ጀመረ እንዴ?»

«እህቴ፣ ሲስተሙ ምንም አልሆነም። የሆነ ሰው ስልኩን ይዞ እየነካካ ነው።»

ያስገባችው ቁጥር የእናቷ መሆኑ ያኔ ትዝ አላት።

ወደ እናቷ ቁጥር ደወለች። ጠራ… ጠራ… ተዘጋባት።

«መስመሩን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል ማለት ነው» ብላ አሰበች። ተናደደች፣ አለቀሰችም። የእናቷን ቁጥር የያዘውን ሰው በዓይኗ ሳታየው ማደር አቃታት። በማግስቱ ወደ ዳኛው ቤት ሄደች።

ደረጃው ላይ ሳለች ክርክር ሰማች።

«እንደገና አንብበው፣ መስመር ዘለልክ።»

«አልዘለልኩም፣ ትንፋሽ ልውሰድ ብዬ ነው።»

«ይሄ እኮ መንገድ አይደለም፣ ደርበህ የምታልፈው።»

ከዚያ ሳቅ ተከተለ። እግሯ ባለበት ቆመ… ያንን ሳቅ ታውቀዋለች።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አደረገችው።

አባቷ ናቸው። የተወለወለ ጫማቸውን አድርገው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ጋዜጣ ዘርግተዋል። የእናቷ ስልክ አጠገባቸው ተቀምጧል።

«አባባ?»

ደነገጡ።

«ስልኩን የዘጋህብኝ አንተ ነህ?»

«ስምሽን ሳየው ጊዜ… የእናትሽን ስልክ ቻርጅ እያደረግኩ፣ ካርድ እየሞላሁ እንደማስቀምጠው እንዳታውቂብኝ ብዬ ነው።»

«እዚህስ እንዴት መጣህ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናትሽ ሳትነግረን ተመዝግባ ኖሯል። መልእክት መጣባት። ‹የሚጠብቅዎት ሰው አለ› ይላል። እሷ ደግሞ ቃሏን አጥፍታ አታውቅም… ያልደረሰችበትን እኔ ልድረስላት ብዬ ነው።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። «አባባ፣ እሱ እኮ ሙከራ ነው» ልትል ነበር…

«አንቺ እስቲ ቁጭ በይ» አሏት አባቷ። «ይቺን ዜና ልጨርስላቸውና ቤት እንሄዳለን። ርቦኛል።»

ርቦኛል…

ያንን ቃል ከአባቷ አፍ ከሰማች ዓመት አልፏታል። አፏን ዘግታ ቁጭ አለች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

ቢሮ ስትመለስ «ሙከራ አንድ» የሚለውን አጠፋችና የእናቷን ስም ጻፈችበት። ሥርዓቱ ላይም አንድ ነገር ጨመረች፤ ከእንግዲህ አዲስ ሰው ከመመደቡ በፊት መጥቶ በአካል ይታይ አለች። ስንቱን አባት ሳናየው አሳልፈናል ብላ መሰለኝ።

ከዚህ የምንማረው… የምንወዳቸውን ሰዎች «እረፉ» እያልን ከሁሉ ነገር እናስወጣቸዋለን፣ ደግ የሠራን እየመሰለን። አንዳንዱ ሰው ግን የቸገረው እረፍት አይደለም። «የት ቀረ?» ብሎ የሚጠብቀው ሰው ነው ያጣው።

እኔ ግን እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። አባትየው ዛሬም የሚስታቸውን ቃል እየፈጸሙ ይመስላቸዋል። ልጅቷም አልነገረቻቸውም።

እናንተ ብትሆኑ እውነቱን ትነግሯቸው ነበር… ወይስ እንደሷ ዝም ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ «ከባድ ነው» ብላችሁ እንዳታመልጡኝ ብቻ።