የመጀመሪያው ቃል

በሐዘኑ የመጀመሪያ ቀን፣ ልጇን ገጭቶ የገደለባት ሾፌር በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ልብስ ሰፊዋ አንገትጌው የተቀደደ ሹራቧን ለብሳ ዝቅ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። በአይሁድ ሕግ ሐዘንተኛ ልብሱን ቀዶ ሰባት ቀን እቤቱ ይቀመጣል፤ ሊያጽናና የመጣም ሰው ሐዘንተኛው ቀድሞ ካልተናገረ አፉን አይከፍትም። ሾፌሩ «እኔ…» ሲል እህቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ቆቡን እያፍተለተለ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታው ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት መሰንቀሩን ስታይ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«እትዬ፣ በፈጠረሽ አንዲት ቃል ጣይለት» አለች እህቷ በሹክሹክታ። «ሕጉ እኮ ለአንቺ ታዝኖ የወጣ ነው፤ ሰው ማነቂያ አይደለም።» እሷ ወይ ፍንክች። ይቅርታውን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይዙር አለች በልቧ። ስትሰፋ የኖረችባቸው ጣቶቿ የአንገትጌዋን ክር እየጎለጎሉ ቅዱን ይበልጥ ይተረትሩት ነበር።

ቀኑ ሲመሽ ሾፌሩ ተነሳና እጅ ነስቶ ወደ በሩ ዞረ። ያን ጊዜ ነው የገባት፦ ከወጣ፣ ልጇ ለእሱ አስፋልት ላይ የወደቀ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል።

«ወዴት ነው?» አለችው። «ቁጭ በል! ማንን እንደገደልክ ሳታውቅማ አትሄድም።»

ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። እሷም ዱካዋን ጎትታ ፊት ለፊቱ ተጠጋች።

«ሁለት ዓመቱ ላይ ከስፌት ማሽኔ ስር የሸሚዝ ቁልፍ ለቅሞ ውጦ ነበር» አለች። «ከዚያ ነው የምጀምርልህ። ነገም ትመጣለህ። ገና ስድስት ቀን አለን።»